የ6.5 ሚሊዮን ቅጂ ከፍታና ቁልቁለቱ፦ የሹኤይሻና የ«ሾነን ጃምፕ» የጉዳይ ጥናት

በዲሴምበር 1994 ማብቂያ ለሽያጭ የቀረበው የሳምንታዊው «ሾነን ጃምፕ» የአዲስ ዓመት ጥምር እትም (የሁለት ሳምንት እትም በአንድ) 6,530,000 ቅጂ ታተመ። በጃፓን የማንጋ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) መጽሔቶች ታሪክ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ይህን ቁጥር የደረሰበት የለም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በኖቬምበር 1997፣ ያው መጽሔት ለ24 ዓመት ይዞት የቆየውን አንደኛነት ለተፎካካሪው አሣታሚ ለኮዳንሻ «ሾነን ማጋዚን» ለቀቀ።

አሣታሚው ሹኤይሻ እዚያ ከፍታ ላይ የወጣበትና ከዚያ የወረደበት መንገድ አንድ ነው ብለን እናምናለን። ሁለቱንም ያመጣው አንባቢ በየሳምንቱ በሚልከው ፖስትካርድ ላይ የተመሠረተው ዳኝነት ነው። ኩባንያውን ያዳነው ደግሞ በደጉም በክፉውም ዘመን ሳይዘጋ የቆየው የጀማሪዎች በር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጃፓናውያኑ ስም በአገራቸው ልማድ የቤተሰብ ስሙ ቀድሞ ተጽፏል። የመጽሔት ቁጥሮቹ የታተመውን እንጂ የተሸጠውን አያመለክቱም፤ ያልተሸጠ ቅጂ በአከፋፋዮች በኩል ወደ አሣታሚው ይመለሳልና።

ከትምህርት መጽሔት ጎን የተወለደ ኩባንያ

ሾጋኩካን በ1922 ሲመሠረት ሥራው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የትምህርት መጽሔት ማሣተም ነበር። ስሙም ራሱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን የሚያስታውስ ነው። የመዝናኛው ክፍል በ1925 ሹኤይሻ የሚል የራሱን ስም ይዞ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም ራሱን ችሎ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 አክሲዮን ማኅበር ሆነ። በ1955 ለልጃገረዶች «ሪቦን»ን፣ በ1963 «ማርጋሬት»ን ጀመረ። በ1973 ደግሞ ከራሱ ጉያ ሃኩሴንሻን አወጣ። ሦስቱ ኩባንያዎች ዛሬም በቶኪዮ ቺዮዳ ወረዳ፣ በመጻሕፍት ሻጮቹ ሠፈር በጂምቦቾ አቅራቢያ ይገኛሉ፤ በአካባቢው ስም የሂቶትሱባሺ ቡድን ይባላሉ። ዝምድናው ግን ከፉክክር አያግድም። የሹኤይሻው «ጃምፕ» ከሾጋኩካኑ «ሾነን ሰንደይ» ጋር ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓይነት አንባቢ ሲሻማ ኖሯል።

1968፦ ስመ ጥር ሠዓሊ ሳይኖር መጀመር

«ማጋዚን»ና «ሰንደይ» በአንድ ቀን፣ ማርች 17 ቀን 1959፣ ነው ገበያ የወጡት። ሹኤይሻ የወንዶች ልጆች መጽሔቱን ሲጀምር ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል፤ በዚያን ጊዜ ስም ያላቸው ሠዓሊዎች ጊዜያቸው በሌሎች ተይዞ ነበር። የመጀመሪያው «ሾነን ጃምፕ» በጁላይ 1968 በ90 የን ሲወጣ ኅትመቱ 105,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ የሚወጣውም በወር ሁለት ጊዜ ነበር። ሳምንታዊ የሆነው በኦክቶበር 1969 ነው።

የመጀመሪያው ዋና አዘጋጅ ናጋኖ ታዳሱ ገጾቹን ለማያውቃቸው ወጣቶች ከመስጠት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ናጋይ ጎ እና ሞቶሚያ ሂሮሺ ስማቸው የገነነው እዚያ ነው። የናጋይ ባለጌ የትምህርት ቤት ቀልድ በ1970 ከወላጆችና ከመምህራን ማኅበራት ከባድ ተቃውሞ ቢያስነሣም ልጆቹ መጽሔቱን መግዛታቸውን አልተዉም። ወጣቶቹ ሲታወቁ ተፎካካሪዎቹ መጥተው እንዳይወስዷቸው ሹኤይሻ የብቸኝነት ውል አመጣ። ሠዓሊው ከገጽ ክፍያው በተጨማሪ የውል ገንዘብ ይቀበላል፤ ውሉ እስኪያልቅ ግን ለሌላ አሣታሚ አይሠራም። ውሉ ለጀማሪ የቤት ኪራይ ማለት ነው። ሥራው በአሥር ሳምንት ለተቋረጠበት ሠዓሊ ግን ወደ ሌላ ቤት እንዳይሄድ የሚያስር ገመድ ነው፤ ትችት ሲቀርብበት የኖረውም በዚህ ነው።

የመጽሔቱ መሪ ቃል የሆኑት ሦስቱ ቃላት፣ ጓደኝነት፣ ጥረትና ድል፣ ከልጆች በተሰበሰበ መጠይቅ እንደተመረጡ ይነገራል። የጀማሪ ሽልማቶቹም የመጡት በእነዚሁ ዓመታት ነው፤ የቴዙካ ሽልማት በ1971፣ ለቀልድ ሥራዎች የሚሰጠው የአካትሱካ ሽልማት በ1974። በኦገስት 1973 «ጃምፕ» «ማጋዚን»ን በኅትመት ብዛት ቀደመው። በዚያው ዓመት ከሂሮሺማ አቶሚክ ቦምብ የተረፈው ናካዛዋ ኬይጂ የገዛ ልጅነቱን መሠረት ያደረገ ታሪኩን በዚህ መጽሔት ጀምሯል። የቦምብ ሰለባ ቤተሰብን ታሪክ በልጆች የመዝናኛ መጽሔት ገጾች መሐል ማስገባት የአዘጋጅ ድፍረት ነው፤ ከፖስትካርድ የሚመጣ ውሳኔ አይደለም።

አንድ እትም እንዴት ይሠራል

አንድ እትም 20 ያህል ተከታታይ ሥራዎችን ይይዛል። አንዱ ምዕራፍ በተለምዶ 19 ገጽ ስለሆነ ከማስታወቂያና ከመጠይቅ ጋር ከ400 ገጽ በላይ ይሆናል። መጠኑ ቢ5 ነው፤ ወረቀቱ ሻካራና ርካሽ፣ በየክፍሉ ቀለም የተነከረ ነው። ቀለሙ ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ የወረቀቱን ጉድለት ይሸፍናል። መጽሔቱ ተነብቦ እንዲጣል፣ የተወደደው ታሪክ ደግሞ በኋላ በጥሩ ወረቀት በቅጽ (ምዕራፎቹን በሰበሰበ መጽሐፍ) እንዲገዛ ታስቦ የተሠራ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በጃፓንኛ «ኔሙ» በሚባለው ረቂቅ ነው። የገጽ አከፋፈሉ፣ ንግግሩና የሰዎቹ አቋቋም በእርሳስ ይነደፋል። እያንዳንዱ ሠዓሊ የተመደበለት አዘጋጅ አለው፤ ረቂቁን ሳያጸድቅ ቀለም አይነካም። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣውም በዚህ ደረጃ ነው፤ 19 ገጽ በእርሳስ እንደገና መንደፍ አንድ ሌሊት ይፈጃል፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ማፍረስ ግን ሳምንቱን ያጠፋል። ቶሪሺማ ካዙሂኮ የተባለው አዘጋጅ ገና ያልታወቀውን ቶሪያማ አኪራን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 500 ገጽ የሚጠጋ ሥራ እንደመለሰበት ይነገራል። ከዚያ ውድቅ ክምር በኋላ የመጣው በ1980 የጀመረው «ዶክተር ስላምፕ» ነው። ቶሪያማም አዘጋጁን በዚያው ታሪክ ውስጥ ክፉ ሳይንቲስት አድርጎ ስሎታል።

ረቂቁ ሲጸድቅ ሠዓሊውና ረዳቶቹ በቢ4 ወረቀት ላይ፣ 27 በ18 ሴንቲሜትር በሆነ ውስጣዊ ክፈፍ ይሠራሉ። ሥዕሉ በማተሚያ ቤት አንሶ ወደ ቢ5 ይገባል። በወረቀቱ ዘመን ጥላው የሚሰጠው ስክሪን ቶን በሚባል ባለነጠብጣብ ተለጣፊ ነበር፤ ተቆርጦ ይለጠፋል። በብዛት ያገለገለው በኢንች 60 የነጠብጣብ መስመር ያለው ነው። ከዚያ የረቀቀ ከሆነ ሥዕሉ ሲያንስ ነጠብጣቦቹ በሻካራው ወረቀት ላይ ተዋሕደው ጥቁር ይሆናሉ። ሁለት ተለጣፊ ሲደራረብ ደግሞ ያልታሰበ የሞገድ ንድፍ ብቅ ይላል። ዛሬ ብዙዎች በኮምፒውተር ቢሠሩም ችግሩ አልጠፋም፤ በስክሪን ላይ ያማረ ግራጫ በወረቀት ላይ ይጨቀያል። ለረዳቶቹ ደመወዝ የሚከፍለው ሠዓሊው እንጂ አሣታሚው አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ቅጹ ሳይወጣ፣ የገጽ ክፍያው ለረዳቶቹ ብቻ እየዋለ የሚኖር አዲስ ሠዓሊ ብርቅ አይደለም።

በመጽሔቱ ውስጥ ፖስትካርድ ታትሞ ይወጣል። አንባቢው ዕድሜውንና በዚያ ሳምንት የወደዳቸውን ሦስት ሥራዎች ይሞላል፤ ለላኪዎች የዕጣ ሽልማት አለ። ከመጡት ካርዶች ውጤቱ ተለቅሞ ለአዘጋጆቹ ይደርሳል። ሦስት ምርጫ ብቻ መሆኑ ትልቅ ትርጉም አለው። ሁሉም «መልካም ነው» የሚለው፣ የማንም አንደኛ ያልሆነ ሥራ ድምፅ አያገኝም። መካከለኛ ሆኖ መኖር አይቻልም ማለት ነው።

አዲስ ሥራ የሚገባው በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚደረግ የአዘጋጆች ስብሰባ ላይ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ረቂቅ ተነብቦ ነው። አዲስ የገባውን ያህል ነባር ይወጣል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ከ50 ገጽ ያላነሰ ቦታ ይሰጠዋል። ችግሩ ጊዜው ነው፦ የመጀመሪያው ካርድ ተቆጥሮ ሲደርስ ሠዓሊው ብዙ ምዕራፎችን አልፏል። ድምፅ ያጣ ሥራ ከ10 እስከ 20 ምዕራፍ ባለው ጊዜ ይቋረጣል፤ ይህም አንድ ወይም ሁለት ቅጽ የሚሞላ ነው። ቀስ ብሎ የሚከፈት ታሪክ፣ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የሚያምር ታሪክ፣ በዚህ ቤት ዕድሜ የለውም። ለዚህ ነው የ«ጃምፕ» ሠዓሊዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች እንደ ፈተና ወረቀት የሚያዩት።

ካርዱ በጎ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት «ድራጎን ቦል» ይበቃል። በ1984 ማብቂያ የጀመረው እንደ ጉዞና ቀልድ ታሪክ ነበር፤ ድምፁም ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ቶሪያማና ቶሪሺማ ተነጋግረው ጀግናውን ወደ ሥልጠና፣ ከዚያም ወደ ፍልሚያ ውድድር አስገቡት፤ ድምፁ ተመልሶ ወጣ። ዓለም ዛሬ የሚያውቀው ድብድብ የተወለደው ከዚያ የካርድ ውጤት ነው።

ሦስት ምሰሶ ሲነቀል

የኅትመቱ ቁጥር በ1980ዎቹ መጀመሪያ 3 ሚሊዮን፣ በአጋማሹ 4፣ በማብቂያው 5 ሚሊዮን ደረሰ፤ በ1991 6 ሚሊዮንን ተሻገረ። አንባቢው በመጽሔቱ ውስጥ ሃያ ሥራ ቢያገኝም የሚገዛው ግን ለሦስት ወይም ለአራት ሥራ ነበር። ካርዱ ይህን አደጋ ማሳየት አይችልም። አንደኛው ማን እንደሆነ በየሳምንቱ ይናገራል፤ አንደኛው ቢሄድ ምን እንደሚቀር ግን አይጠየቅበትም። እንዲያውም አደጋውን ያባብሰዋል፦ አንደኛ የሆነው ሥራ እንዳያልቅ ይገፋል፣ ሠዓሊው ከአቅሙ በላይ ይሠራል፣ አዲሱ ሥራ ደግሞ በእነዚያ ግዙፎች ጥላ ሥር ድምፅ ሳያገኝ በአሥር ሳምንት ይቆረጣል።

የቶጋሺ ዮሺሂሮ «ዩ ዩ ሃኩሾ» በጁላይ 1994 በሠዓሊው ፍላጎት አለቀ። «ድራጎን ቦል» በሜይ 1995፣ ከ519 ምዕራፍ በኋላ ቆመ። የኢኖዌ ታኬሂኮ የቅርጫት ኳስ ታሪክ «ስላም ዳንክ» በጁን 1996፣ በ276ኛው ምዕራፍ፣ ገና በከፍታው ላይ እያለ ተጠናቀቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቱም ሄዱ። በ1997 ኅትመቱ ወደ 4 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። «ማጋዚን» ደግሞ ትንሽ ከፍ ላሉ ልጆች በሚስማሙ የወንጀል ምርመራና የትምህርት ቤት ታሪኮች የቆየ አንባቢ አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በካርዱ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በጃፓን የማንጋ መጽሔት ገበያ በጠቅላላው ከ1995 ወዲህ እየወረደ ነው፤ የልጆች ቁጥር ቀንሷል፣ ጨዋታና ሞባይል የልጁን ሳንቲምና ሰዓት ተሻምተዋል። የሹኤይሻው «ሪቦን» እንኳ በ1994 2.55 ሚሊዮን ከደረሰ በኋላ ያን ቁጥር ዳግም አላየውም። የሁለቱ ዓይነት ውድቀት መልክ ግን ይለያያል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ «ጃምፕ» ግን በሦስት ዓመት ከሲሶው በላይ አጣ፤ ተፎካካሪውም ቀደመው። ይህ የምሰሶ መነቀል ነው።

ጥገናው

በ1996 ዋና አዘጋጅነቱ ለቶሪሺማ ተሰጠ። ያደረገው የቀድሞ ግዙፎችን ለመመለስ መለመን አልነበረም። ለጀማሪዎች ተብሎ የሚወጣው ልዩ እትም፣ የአጭር ሥራ ውድድሩና የሽልማቱ መስመር ቀድሞም ነበሩ፤ ከዚያ የሚመጣውን ወደ ዋናው መጽሔት አሳለፈ። ኦዳ ኤይቺሮ የዚህ መስመር ንጹሕ ምሳሌ ነው። በ1992፣ በ17 ዓመቱ፣ በቴዙካ ሽልማት ከተመረጡት አንዱ ሆነ። ከዚያ ለሌሎች ሠዓሊዎች በረዳትነት ሠራ፤ በ1996 የባሕር ወንበዴ ታሪኩን በአጭሩ ሞከረ። በጁላይ 1997፣ መጽሔቱ አንደኛነቱን ሊያጣ ወራት ሲቀሩት፣ «ዋን ፒስ» ጀመረ። ከመጀመሪያው ሽልማት እስከ ተከታታዩ አምስት ዓመት ፈጅቷል። ዘሩ በጥጋቡ ዘመን ባይዘራ ኖሮ በችጋሩ ዘመን የሚታጨድ አይኖርም ነበር። ቀጥሎ በ1998 የቶጋሺ «ሃንተር ሃንተር»፣ በ1999 «ናሩቶ»፣ በ2001 «ብሊች» መጡ። በ2002 «ጃምፕ» አንደኛነቱን ከ«ማጋዚን» መልሶ ወሰደ፤ በቁጥር ግን ወደ 6 ሚሊዮን አልተመለሰም።

ገንዘቡ የት ነው

መጽሔቱ ርካሽ ነው፤ ትርፉ ያለው በቅጹ ነው። 19 ገጽ በሳምንት፣ ጥምር እትሞቹ ተቀንሰው በዓመት 48 ያህል እትም ሲባዛ ወደ 900 ገጽ ይሆናል። አንድ ቅጽ 190 ገጽ አካባቢ ስለሆነ ሳያቋርጥ የሚሠራ ሠዓሊ በዓመት ከአራት እስከ አምስት ቅጽ ያወጣል። ሠዓሊው ከቅጹ ዋጋ በተለምዶ 10 ከመቶ ያገኛል፤ ሀብታም የሚያደርገው ይህ እንጂ የገጽ ክፍያው አይደለም። የ«ዋን ፒስ» 67ኛ ቅጽ በ2012 የመጀመሪያ ኅትመቱ 4,050,000 ቅጂ ነበር።

በዲሴምበር 2020 የወጣው የ«ጃምፕ» ተከታታይ ሥራ የ«ኪሜትሱ ኖ ያይባ» የመጨረሻ ቅጽ፣ 23ኛው፣ የመጀመሪያ ኅትመቱ 3,950,000 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የመጽሔቱ ኅትመት ከ2 ሚሊዮን በታች ነበር። በ1994 ቢሆን መጽሔቱ ከማንኛውም ቅጽ ይበልጥ ነበር፤ አሁን ሚዛኑ ተገልብጧል። ከዚህ ሥራ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በሜይ 2020 በ205ኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ዝናው ገና ወደ ላይ እየወጣ ነበር። በ1990ዎቹ አንደኛ የሆነ ሥራ እንዲህ ያለ መውጫ የሚያገኘው በትግል ነበር። ታሪኩን በጊዜው መጨረስ ለሠዓሊውም፣ የተሟላ ስብስብ ለሚገዛው አንባቢም፣ ስለዚህም ለአሣታሚው እንደሚበጅ ያ ቅጽ በቂ ማስረጃ ነው።

ካርዱ ወደ ስልክ ሲገባ

በሴፕቴምበር 2014 ሹኤይሻ «ሾነን ጃምፕ ፕላስ»ን በስልክና በድረ ገጽ ጀመረ። የገጽ ብዛት ገደብ የለም፤ ስለዚህ አንዱ እንዲገባ ሌላው መውጣት የለበትም። ሥራው በየሁለት ሳምንቱ ቢወጣም ችግር የለም። ከ2019 ጀምሮ የወጣው የኤንዶ ታትሱያ «ስፓይ ፋሚሊ» የዚህ ቤት ፍሬ ነው። ከዚያ «ካይጁ ቁጥር 8» በ2020፣ «ዳንዳዳን» በ2021 ተከተሉ። አንባቢው ካርድ ሳይሞላ ምን እንደከፈተና የቱ ላይ እንደተወው ይታያል። ለጀማሪው ደግሞ ሥራውን በነፃ የሚያስገባበት የራሱ መድረክ አለው፤ ድሮ ወረቀቱን በከረጢት ይዞ ወደ ጂምቦቾ ይመጣ የነበረው ልጅ አሁን ከክፍለ ሀገር ሆኖ ይልካል።

ከጃፓን ውጭ ለረጅም ጊዜ ትልቁ ክፍተት ጊዜ ነበር። ትርጉሙ ወራት ሲዘገይ ሰነፉ ሳይሆን ጉጉው አንባቢ ወደ ሌቦች ድረ ገጽ ይሄዳል። በጃፓንም ቢሆን «ማንጋሙራ» የተባለው የስርቆት ድረ ገጽ እስከ ኤፕሪል 2018 ድረስ ሥራዎችን በነፃ ሲያሳይ ቆይቷል። አሣታሚዎቹ ካዶካዋ፣ ሹኤይሻና ሾጋኩካን ባቀረቡት ክስ የቶኪዮ አውራጃ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2024 አንቀሳቃሹ ወደ 1.7 ቢሊዮን የን እንዲከፍል ወስኗል። ፍርድ ግን ያለፈውን ነው የሚቀጣው። ክፍተቱን የዘጋው በጃንዋሪ 2019 የተጀመረው «ማንጋ ፕላስ» ነው፦ አዲሱ ምዕራፍ በጃፓን በሚወጣበት ሰዓት በእንግሊዝኛ ይለቀቃል፤ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሦስት ሦስት ምዕራፎች በነፃ ይነበቡ ነበር። የራሳቸው አገልግሎት ካላቸው ከጃፓን፣ ከቻይናና ከደቡብ ኮሪያ በቀር ዓለም ሁሉ ይከፍተዋል። አዲስ አበባ ያለ አንባቢም የሳምንቱን ምዕራፍ ከቶኪዮ አንባቢ እኩል ማግኘት ይችላል። ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩስኛ፣ ታይኛ፣ ኢንዶኔዥያኛና ቬትናምኛ በየተራ ገብተዋል፤ አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።